የዕፅዋትና የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም በዘገባዎቻችሁ ውስጥ ይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ጣና ሐይቅ እምቦጭ፣ ስለ ወባ ወረርሽኝ፣ ስለ ብርቅዬ የዱር እንስሳትና ስለ አገር በቀል ዛፎች የሚያወጣቸውን ዘገባዎች በትኩረት የምከታተል የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ዘገባዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ይሁንና በአብዛኞቹ ውስጥ የሚነገርለት ፍጡር ሳይንሳዊ ስም አይገኝም። ብዙ ሰዎች ይህን ስም ለምሁራን ብቻ የተተወ ጌጥ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ስሙ ከዜናው ሲወጣ የዜናው ፍሬ ነገር አብሮት እንደሚወጣ ስለማምን፣ ምክንያቴን በዝርዝር ለማስረዳትና አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በደብዳቤው የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ የወባን ጉዳይ አነሣለሁ፤ ምክንያቱም የስም ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ‹የወባ ትንኝ› የምንላት አንዲት ፍጡር አይደለችም። አኖፌለስ የሚባለው ወገን ከ400 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ወባን ወደ ሰው የሚያስተላልፉት ጥቂቶቹ ናቸው። በአገራችን ዋነኛዋ አስተላላፊ ‹አኖፌለስ አራቢየንሲስ› ትባላለች። እርሷም ዝናብ ጥሎ ባለፈ ጊዜ በሚቀሩ ትናንሽ ኩሬዎች፣ በወንዝ ዳር በሚቋጥር ውኃና በከብት ኮቴ ጉድጓድ ሳይቀር ትራባለች። ወባን በአብዛኛው የገጠርና የክረምት መውጫ በሽታ አድርገን የለመድነውም፣ መከላከያውንም በዚያው ልክ ያዘጋጀነው ከእርሷ ጠባይ ተነሥተን ነው። በ2016 ግን በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ‹አኖፌለስ ስቴፈንሲ› የተባለች ሌላ ዝርያ ተገኘች። ይህች ትንኝ ቀድሞ የምትታወቀው በደቡብ እስያና በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሲሆን፣ በጎረቤታችን ጂቡቲ በ2012 ታይታ ነበር። ጠባይዋ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ በከተማ፣ በበርሜል፣ ክዳን በሌለው ሮቶ፣ ለግንባታ ውኃ በሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች፣ በበጋም ጭምር ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ በደረቅ ወቅት የተነሣውን የወባ ወረርሽኝ ያጠኑ ተመራማሪዎች ከዚህችው ዝርያ ጋር አያይዘውታል።

እንግዲህ አንድ ጋዜጣ ‹የወባ ትንኝ እየተስፋፋች ነው› ብሎ ቢጽፍና የትኛዋ እንደሆነች ባይናገር፣ አንባቢው ምን ያድርግ? ኩሬ ያፋስስ ወይስ ሮቶውን ይክደን? መልሱ ያለው በስሙ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ነው።

ይህችን ትንኝ መለየትም ቀላል አልነበረም። ባለሙያዎች ትንኝን የሚለዩት ጥያቄን በጥያቄ እያስከተለ በሚመራ መለያ መዝገብ ነው፤ በክንፏ ላይ ያለው ነጠብጣብ እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ የእግሯ ቀለበት እንዲያ ከሆነ ወደዚያ እያለ በመጨረሻ አንድ ስም ላይ ያደርሳል። ለአፍሪካ ትንኞች ተዘጋጅቶ ለዐሥርት ዓመታት ሲያገለግል በቆየው መዝገብ ውስጥ ስቴፈንሲ አልነበረችም፤ በመዝገቡ የሌለች ፍጡር ደግሞ መንገዱን ተከትሎ ለሚሄድ ባለሙያ የሌላዋን ስም ይዛ ትገኛለች። እውነተኛ ማንነቷ የጸናው የውጭ መልኳ ከዘረ መሏ ጋር ተያይቶ ነው። ሌሎቹ እንዲያውም በመልክ ፈጽሞ አይለዩም። ‹አኖፌለስ ጋምቢዬ› ትባል የነበረችው ትንኝ እስከ 1960ዎቹ ድረስ እንደ አንዲት ዝርያ ብትቆጠርም፣ በቤተ ሙከራ እርስ በርስ ሲዳቀሉ መካን ወንዶች የሚወለዱባቸው ብዙ ዝርያዎች ስብስብ ሆና ተገኝታለች። የእኛዋ አራቢየንሲስ ከእነዚሁ አንዷ ናት። በ2013 ደግሞ በኢትዮጵያ የምትገኝ ሌላ የዚህ ስብስብ አባል ‹አኖፌለስ አማሪከስ› ተብላ ተሰየመች። አማሪከስ ከሰው ይልቅ እንስሳትን የምትነክስ በመሆኗ በወባ አስተላላፊነት አትቆጠርም። ሁለቱን ጎን ለጎን በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው በመልካቸው ሊለያቸው አይችልም፤ አንዷ ግን ወረርሽኝ ታመጣለች፣ ሌላዋ አታመጣም።

ስለ ስያሜው አሠራር ጥቂት ልበል። ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃላት አሉት፤ የመጀመሪያው ወገኑን፣ ሁለተኛው በወገኑ ውስጥ ያለውን ዝርያ ይነግራል። ወገኖች በቤተሰብ፣ ቤተሰቦች በክፍለ መደብ፣ እያለ ወደ ላይ እስከ ስፍን ድረስ ይሰበሰባሉ። ይህን የሁለት ቃል ስያሜ በወጥነት ሥራ ላይ ያዋለው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ሲሆን፣ የዕፅዋት ስም መነሻ በ1753፣ የእንስሳት ደግሞ በ1758 ባወጣቸው ሥራዎች ተደርጎ በዓለም አቀፍ ሕግ ተወስኗል። ከእርሱ በፊት አንድን ዕፅ ለመጥራት ረጅም የላቲን ዐረፍተ ነገር መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ቡናችንን ብንወስድ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዊው አንትዋን ደ ጁሲዩ የጠራው ‹ቅጠሉ እንደ ሎረል የሆነ፣ ዘሩ በእኛ ዘንድ ቡና የሚባል የዓረብ ጃስሚን› ብሎ ነው። ስሙ ከመርዘሙም በላይ ዝምድናው የተሳሳተ ነበር። ጃስሚን፣ ማለትም እኛ ጠምበለል የምንለው ሐረግ ወገን፣ የወይራ ቤተሰብ ነው፤ ቡና ግን ነጭና መዓዛማ አበባ ስላለው ብቻ ከዚያ ተጠጋ እንጂ ቤተሰቡ ሌላ ነው። ሊኒየስ ቡናን የራሱ ወገን አድርጎ ለየው፤ በ1753ም ‹ኮፊያ አራቢካ› አለው።

‹ሳይንቲስቶች ስሞችን በየጊዜው ይለዋውጣሉና ተከትሎ መጻፍ ትርፉ ድካም ነው› የሚል ተቃውሞ ከብዙዎች እሰማለሁ። ለዚህ የምሰጠው መልስ፣ ስም የሚለወጠው የስሙ የመጀመሪያ ክፍል የዝምድና ምስክርነት ስለሆነና ምስክርነትም በአዲስ ማስረጃ ስለሚመረመር ነው የሚል ነው። ቀይ ቀበሮ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1840 ይህን እንስሳ ከሰሜን ተራሮች ስም አውጥቶ ‹ካኒስ ሲሜንሲስ› ብሎ ሰየመው፤ ‹ካኒስ› ውሻና ተኩላ ያሉበት ወገን ነው። በኋላ የመጡ ሌሎች ጠበብት ለብቻው ወገን ሰጡት፤ በአማርኛም በውጭ ቋንቋዎችም በቀበሮነት ሲጠራ ኖረ። በ1994 የታተመ የዘረ መል ጥናት ግን የቅርብ ዘመዶቹ የአፍሪካ ቀበሮዎች ሳይሆኑ የዩራሲያው ግራጫ ተኩላና የሰሜን አሜሪካው ኮዮት መሆናቸውን አሳየ፤ የሩፔል የመጀመሪያ ውሳኔም ጸና። ይህ ለምሁራን ክርክር ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። የቤት ውሻ ከግራጫው ተኩላ የወረደ በመሆኑ፣ ቀይ ቀበሮ ከውሻ ጋር ሊዳቀል ይችላል፤ በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆም ዲቃሎች ታይተዋል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ለአካለ መጠን የደረሱ እንስሳት ብቻ ለቀሩት ዝርያ ይህ ከበሽታ ጋር ተደራርቦ የሚመጣ አደጋ ነው። በጥብቅ ሥፍራው ዙሪያ ያሉ ውሾች ለምን እንደሚከተቡና ቁጥራቸው ለምን እንደሚገታ ለአርሶ አደሩ ለማስረዳት፣ ‹ይህ እንስሳ የውሻህ የሥጋ ዘመድ ነው› ከማለት የተሻለ መነሻ አላውቅም። ‹ቀይ ቀበሮ› የሚለው ስም ይቅር አልልም፤ የአገሬው ስም ነው፣ ይኑር። አጠገቡ ግን ‹ካኒስ ሲሜንሲስ› ይጻፍ።

የእምቦጭም ነገር ከዚህ አይለይም። ይህ የደቡብ አሜሪካ ተክል ለረጅም ጊዜ ‹አይኮርኒያ ክራሲፔስ› ሲባል ቆይቶ፣ በ2018 የቤተሰቡን ዝምድና እንደገና የመረመሩ ተመራማሪዎች ‹ፖንቴዴሪያ› ወደሚባለው ወገን አዛውረውታል። ከዚያ በፊት የተጻፈውንና ከዚያ በኋላ የተጻፈውን የሚፈልግ ተማሪ ሁለቱንም ስሞች ካላወቀ ግማሹን እውቀት ያጣል። ዝምድናን ማወቅ ከዚህም የላቀ ጥቅም አለው። እምቦጭን ለመቀነስ በቪክቶሪያ ሐይቅና በሌሎች አገሮች የተለቀቁት ከነቀዝ የሚዛመዱ ትናንሽ ጢንዚዛዎች ሲሆኑ፣ ‹እነዚህ ነፍሳት እምቦጩን ጨርሰው ወደ ጤፋችንና ወደ ሩዛችን ቢዞሩስ?› የሚል ሥጋት በየስብሰባው ይነሣል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚገኘው ከምደባ ሳይንስ ነው። አንድ ነፍሳት ከመለቀቁ በፊት የሚሞከረው በመጀመሪያ ለአረሙ በጣም ቅርብ በሆኑት ዘመዶች ላይ፣ ቀጥሎም በራቁት ላይ፣ በተጨማሪም ለአገሩ ዋና በሆኑ ሰብሎች ላይ ነው፤ አንዱን ተክል ብቻ በልቶ የሚኖር ነፍሳት ወደ ሌላ ቢሻገር መጀመሪያ የሚሻገረው ወደ ቅርብ ዘመዱ ነውና። የዝምድናው ሰንጠረዥ ከተሳሳተ የፈተናው ቅደም ተከተል ይሳሳታል። ስለ እምቦጭ በተጻፉ የአማርኛ ዘገባዎች ውስጥ ይህን የሚያስረዳ ነገር አላነበብኩም፤ በሐይቁ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ግን ይህን የማወቅ መብት አለው።

ስም ሁልጊዜ በማስረጃ ብቻ ይወሰናል ብዬ ግን አንባቢን ማሳሳት አልፈልግም። የግራርን ታሪክ መናገር ያለብኝም ለዚህ ነው። ‹አካሺያ› የሚለው የወገን ስም በአፍሪካ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ የሚገኙ ከ1,300 በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ነበር። ጥናት እየጠለቀ ሲሄድ እነዚህ ሁሉ ለብቻቸው ከአንድ ግንድ የወጡ አለመሆናቸው ታወቀና ወገኑ መከፈል ነበረበት። በስያሜ ሕግ መሠረት ሲከፈል የቀድሞውን ስም ይዞ የሚቀረው ለስሙ መለኪያ የሆነው ናሙና ያለበት ክፍል ነው፤ የአካሺያ መለኪያ ደግሞ የአፍሪካው የአባይ ግራር ነበር። ስለዚህ ስሙ ለአፍሪካ መቅረት ነበረበት። የአውስትራሊያ ባለሙያዎች ግን ከዝርያዎቹ አብዛኞቹ፣ ማለትም ወደ 1,000 የሚጠጉት፣ በእነርሱ አገር ስለሆኑ ያን ሁሉ እንደገና ከመሰየም መለኪያው ይለወጥ ብለው ጠየቁ፤ በ2005 ቪየና ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤም ጥያቄው እንዲጸድቅ አደረገ። ውሳኔው በአፍሪካ ብርቱ ቅሬታ ቢያስነሣም በ2011 ሜልቦርን ላይ ጸና። በዚህ ምክንያት ባዝራ ግራር ዛሬ ‹ቫቼሊያ አቢሲኒካ› ይባላል፤ ሙጫው በዓለም ገበያ የሚሸጠው ግራር ደግሞ ‹ሴኔጋሊያ ሴኔጋል› ሆኗል። የክፍፍሉ ሳይንስ ትክክል ነው፤ ስሙ ለማን ይቅር የሚለው ግን በድምፅ የተወሰነ ጉዳይ ነበር፤ በእኔ እምነት ውሳኔው ለአፍሪካ የሚገባውን አልሰጣትም። በእንዲህ ያለው ጉባኤ የሚሳተፉ የአገራችን ባለሙያዎች ቁጥር እንዲበዛ የሚፈልግ ሰው፣ ሕዝቡ ጉዳዩ መኖሩን እንዲያውቅ ከማድረግ መጀመር አለበት።

ስም በጉባኤ ሲታረምም አይተናል። በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ፣ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮችን ለመስደብ ሲያገለግል ከኖረ ቃል የተወሰደውን ‹ካፍራ› የሚለውን የዝርያ ስም ‹አፍራ› በሚለው እንዲተካ ወስኗል፤ ውሳኔው ከ200 በላይ ስሞችን ይነካል። ከእነዚህ አንዱን በአጥራችን እናውቀዋለን። ኮሽም የምንለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ሁለት ዝርያ ነው፤ አንዱ አገር በቀሉ ‹ዶቪያሊስ አቢሲኒካ› ሲሆን፣ ሌላው ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ በአጥርነት የተስፋፋው፣ ዛሬ ‹ዶቪያሊስ አፍራ› የተባለው ነው። አገር በቀል ዕፅዋትን እንትከል በሚባልበት ወቅት ‹ኮሽም ተተከለ› የሚል ዜና ያነበበ ሰው የትኛው እንደተተከለ አያውቅም።

‹ስሞቹ የባዕድ ናቸው› የሚለውን ቅሬታ ግን በቁም ነገር እቀበለዋለሁ፤ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ሆኖ ሳለ ‹የዓረብ› መባሉ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያስቆጣቸዋል። ሊኒየስ ቡናን ያወቀው በየመን በኩል ስለነበር እንዲያ ብሎ ሰየመው፤ ሕጉም አንድን ስም ከቦታው ጋር ስለማይስማማ ብቻ መለወጥን ይከለክላል። የእንሰት ታሪክ የበለጠ ያስደንቃል። የወገኑ ስም ‹እንሰቴ› በስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኩል ከእኛው ቋንቋ የተወሰደ ነው። ዝርያውም በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ‹ሙሳ እንሰቴ› ተብሎ፣ ማለትም ከሙዝ ወገን ተቆጥሮ፣ ተሰይሞ ነበር። በ1947 ችስማን የተባለው የዕፅዋት ሊቅ እንሰትን ከሙዝ ለይቶ በራሱ ወገን ሲያስቀምጠው፣ ስሙ ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል በሚለው የቅደም ተከተል ሕግ ‹እንሰቴ እንሰቴ› መሆን ነበረበት። የዕፅዋት ሕግ ግን ወገንና ዝርያ በአንድ ቃል እንዲጠሩ አይፈቅድም፤ የእንስሳት ሕግ ይፈቅዳል፣ ‹ጎሪላ ጎሪላ› የተባለውም በዚያ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የነበረው ስም፣ በ1859 ከአንጎላ በተገኘ ተክል ላይ የወጣው ‹ቬንትሪኮሳ›፣ ተወሰደና ‹እንሰቴ ቬንትሪኮሱም› ተባለ። ሚሊዮኖችን የሚመግበው የደቡብ ኢትዮጵያ ሰብል የዝርያ ስሙን ያገኘው፣ እንሰት በማይለማበት አገር ከበቀለ የዱር ተክል ነው።

የመለኪያ ናሙና ጉዳይ ለአገራችን ልዩ ትርጉም አለው። ሳይንሳዊ ስም በአብዛኛው በአንድ ቤተ መዘክር ከተቀመጠ ናሙና ጋር የታሰረ ነው፤ ስለ ስሙ ክርክር ሲነሣ ዳኛው ያ ናሙና ነው። በ1990 በነጭ ሣር ፓርክ በመንገድ ላይ የተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ፣ ጨለማን ተገን አድርጋ ነፍሳትን ለምታድን ወፍ የአዲስ ዝርያ ስም አስገኝቷል፤ በ1995 ‹ካፕሪሙልገስ ሶላላ› ተባለች፣ ትርጉሙም ክንፍ ብቻ ማለት ነው። ድንቅነሽ የምትመደብበት ‹አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ› በአፋር ስም ቢጠራም፣ በ1978 ስሙ ሲወጣ በመለኪያነት የተመረጠው የድንቅነሽ አጽም ሳይሆን ከታንዛኒያ ላኤቶሊ የተገኘ የመንጋጋ አጥንት ነው። ከአገራችን የተሰበሰቡት የጥንት የዕፅዋትና የእንስሳት መለኪያዎች በአብዛኛው በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። ይህን ለማካካስ የተሠራውን ሥራም መርሳት አይገባም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች በሚጠበቁበት ማዕከል፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውን የመሰሉ ምሁራን ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ከ1980 እስከ 2009 ደክመው፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በስምንት ቅጾች ፈጽመዋል። ይህን የሚያህል ሥራ ሲጠናቀቅ ከአንድ ትውልድ ዕድሜ በላይ የፈጀ ቢሆንም፣ ከባለሙያዎቹ ውጭ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። ስለ አንድ ዕፅ፣ እንስሳ ወይም ነፍሳት የሚያወራ ዘገባ ሲወጣ፣ ፍጡሩ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ የአማርኛ ስሙ፣ ዘገባው በመጣበት አካባቢ ያለው ስሙና ሳይንሳዊ ስሙ አብረው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛው ብቻ መቀጠል ይቻላል። ስሙ በቅርብ ጊዜ የተለወጠ ከሆነ የቀድሞውም አንድ ጊዜ ይጠቀስ። ሳይንሱ የወገኑን ስም በትልቅ ፊደል ጀምሮ ሁለቱንም ቃላት በዘንባላ ፊደል ይጽፋል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ እኔ በዚህ ደብዳቤ እንዳደረግሁት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ቢቀመጥ ከሌላው ጽሑፍ ይለያል። ጋዜጠኛው ስለ ዝርያው እርግጠኛ ካልሆነ ‹የአኖፌለስ ወገን ትንኝ› ብሎ በወገኑ ማቆም ክብር እንጂ ነውር አይደለም፤ ባለሙያዎችም ናሙናው ተለይቶ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ያደርጋሉ። ለማረጋገጥ ሄርባሪየሙና በየዩኒቨርሲቲው ያሉት የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍሎች በስልክ ሊጠየቁ ይችላሉ። የእኔ የሥራ ባልደረቦች የሆኑ መምህራንም ጋዜጣውን ወደ ክፍል ይዘው ሲገቡ፣ ተማሪው በፈተና ወረቀት ብቻ የሚያውቀውን ስም በዕለቱ ዜና ውስጥ ሊያሳዩት ይችላሉ። ይህን ማድረግ ለጋዜጣው በአንድ ዘገባ ከግማሽ መስመር የበለጠ ቦታ አይወስድበትም፤ ከመጪው የወባ ወቅት በፊት ቢጀመር ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር
ባሕር ዳር